ይበቃልን? ስለ መረጃ በቂነት ጥያቄ ታሪክና አመላለስ

ይህን አጭር ጥናት እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ አንድ የቤተ ሰብ ደብዳቤ ነው። ባለፈው ዓመት ለታሪክ ትምህርት ባቀረብሁት ጽሑፍ ላይ የአያቴ አባት ለወንድማቸው የላኩትን ባለ አንድ ቅጠል ደብዳቤ ዋና ማስረጃዬ አድርጌው ነበር። ደብዳቤው የተጻፈበት ዓመት 1888 ዓ.ም. መሆኑ ጥርት ብሎ ይነበባል። ጸሐፊውም በጾም ሳሉ የድሉን ወሬ እንደ ሰሙና እግዚአብሔርን እንዳመሰገኑ ይናገራሉ። እኔም አንዳች ሳላመነታ ደብዳቤው ከዐድዋ ድል በኋላ የተጻፈ ነው ብዬ ደመደምሁ፤ በዚያም ላይ ሦስት ገጽ ሙሉ ሐተታ ሠራሁበት። ወረቀቱ ሲመለስልኝ መምህሬ በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም አንድ ቃል ብቻ ጽፈውበት አገኘሁ፤ «ይበቃልን?» የሚል።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ተቈጣሁ። በ1888 ዓ.ም. ስለ ድል ተነገረ ከተባለ ከዐድዋ በቀር ምን ይኖራል? ብዬ ነበር። በኋላ ግን መጻሕፍቱን ገልጬ ቀኖቹን ስቈጥር ኀፍረት ያዘኝ። ያ ዓመት መስከረም 1 ቀን ብቶ ኅዳር 28 ቀን የአምባ አላጌ ድል ሆነ፤ የካቲት 23 ቀን ደግሞ የዐድዋ ድል ሆነ። ሁለቱም በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ናቸው። በፈረንጅ አቈጣጠር ግን ፊተኛው በ1895፣ ኋለኛው በ1896 ነው። ጾሙም ቢሆን አልረዳኝም፤ የአምባ አላጌው ወሬ የደረሰው በጾመ ነቢያት፣ የዐድዋው በዐቢይ ጾም ሊሆን ይችላልና። ዓመቱ፣ ድሉ፣ ጾሙ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ተደምረው ጥያቄዬን አይመልሱም።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ባጫውተው በጣም ሳቀ። እርሱ ወደ ውጭ አገር ሄዶ የንግድ አስተዳደር ለመማር «ጂማት» ለሚባለው የመግቢያ ፈተና ይዘጋጅ ነበር። የልምምድ መጽሐፉን አንሥቶ አሳየኝና «የአንተ ደብዳቤ መልሱ ሠ ነው» አለኝ። ያን ቀን ነው «ዳታ ሰፊሸንሲ» የሚባለውን፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ «የመረጃ በቂነት ጥያቄ» የምለውን የፈተና ዓይነት ያወቅሁት። የሒሳብ ተማሪዎች አይቀየሙኝና፣ ከዚያ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከሒሳብ ይልቅ ለታሪክ ትምህርት የቀረበ ሆኖ ታይቶኛል። ከየት እንደ መጣ፣ እንዴት እንደሚመለስ፣ ፈተናውን የፈጠሩት ሰዎችም ራሳቸው በዚህ ጥያቄ ላይ እንዴት እንደ ወደቁ ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

የጥያቄው መልክ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይቀርባል። ከሥሩ አንድና ሁለት ተብለው ሁለት ቃሎች ይሰጣሉ። ተፈታኙ ጥያቄውን እንዲመልስ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የተሰጡት ቃሎች ጥያቄውን ለመመለስ ይበቁ እንደ ሆነ ነው። ምርጫዎቹ አምስት ሲሆኑ በማናቸውም ጥያቄ ላይ አይለወጡም። ሀ፣ የመጀመሪያው ቃል ብቻውን ይበቃል፣ ሁለተኛው ብቻውን አይበቃም። ለ፣ ሁለተኛው ብቻውን ይበቃል፣ የመጀመሪያው ብቻውን አይበቃም። ሐ፣ ለየብቻ አይበቁም፣ ሁለቱ በአንድነት ግን ይበቃሉ። መ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይበቃል። ሠ፣ ሁለቱ በአንድነት እንኳ አይበቁም።

ነገሩ በአገራችን ዕውቀት ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ቀድሞ የቆሎ ተማሪ የነበረ አንድ የክፍል ጓደኛችን ባሕረ ሐሳብ ያውቃልና እርሱ የረዳኝን ምሳሌ ላቅርብ። ጥያቄው፣ በአንድ ዓመት ፋሲካ በየትኛው ወርና ቀን ይውላል? የሚል ይሁን። ቃል አንድ፣ የዓመቱ ወንበር 15 ነው። ቃል ሁለት፣ መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ይውላል። ወንበሩ ብቻ ቢታወቅ አበቅቴውና መጥቅዑ ይገኛሉ፤ ነገር ግን በዓለ መጥቅዕ በየትኛው የሳምንት ቀን እንደሚውል ስለማይታወቅ መባጃ ሐመሩን ማውጣት አይቻልም። የመስከረም 1 ዕለት ብቻ ቢታወቅ ደግሞ መጥቅዑ አይገኝም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ነገሩ ያልቃል። ስለዚህ መልሱ ሐ ነው። ቍጥሩን ማየት ለሚወድ አንባቢ ላውጣለት፤ አበቅቴው 15፣ መጥቅዑም 15 ነው። መስከረም 15 ረቡዕ ስለሚውል የረቡዕ ተውሳክ 4 ተደምሮ መባጃ ሐመሩ 19 ይሆናል። ነነዌ ጥር 19፣ ከዚያም 69 ቀን ተቈጥሮ ፋሲካ መጋቢት 28 ቀን ይውላል። ይህ የራሱ የ1888 ዓ.ም. ፋሲካ ነው። ነገር ግን ልብ ይባል፤ ከ«ሁለቱ ሲገናኙ ነገሩ ያልቃል» በኋላ የጻፍሁት ስሌት ሁሉ ለፈተናው ትርፍ ነው። ፋሲካ መቼ እንደሚውል ማንም አልጠየቀኝም።

የመጀመሪያው ዘዴ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሒሳቡን አለመጨረስ። ለእኔ በጣም የከበደኝም ይህ ነበር። በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህራችን መልሱ ካልተሰመረበት ሥራ ሁሉ ነጥብ ይነሡን ነበር። በዚህ ፈተና ግን መልሱን እስኪያሰምር የሚሠራ ተማሪ ጊዜውን ለማይጠየቅ ነገር ያባክናል። መልሱ አንድና አንድ ብቻ ሆኖ እንደሚገኝ ከታወቀ እርሳስን አስቀምጦ ማለፍ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ቃሎቹን ለያይቶ መመርመር ነው። ሁለተኛውን ቃል ሲያነቡ የመጀመሪያውን ፈጽሞ መርሳት ያስፈልጋል፤ ይህም ከሚታሰበው በላይ ያስቸግራል። ሰው አንድ ጊዜ ያነበበውን ነገር ሳይታወቀው ወደሚቀጥለው ይዞት ይሻገራልና። የዳኝነትን ሥርዓት ያየ ሰው ምስክሮች ለየብቻ የሚሰሙት ለምን እንደ ሆነ ያውቃል። ለያይቶ ከመመርመርም አንድ ጥቅም ይገኛል። የመጀመሪያው ቃል ብቻውን ቢበቃ የሚቀሩት ምርጫዎች ሀ እና መ ብቻ ናቸው። ባይበቃ ለ፣ ሐ እና ሠ ይቀራሉ። ሁለተኛው ቃል ቀሎ ከታየም ከእርሱ መጀመር ይቻላል፤ ቢበቃ ለ እና መ፣ ባይበቃ ሀ፣ ሐ እና ሠ ይቀራሉ። ስለዚህ ግማሹን ብቻ የተረዳ ተማሪ እንኳ ባዶ እጁን አይወጣም። ይህ ጥቅም በቍጥር ሊታይ ይችላል። ኤስ ኤ ቲ የሚባለው የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና እስከ 2016 ድረስ ባለ አምስት ምርጫ ጥያቄን ለሳተ ሰው ሩብ ነጥብ ይቀንስ ነበር። በዚህ ደንብ ከአምስቱ በጭፍን የሚገምት ሰው በአማካይ የሚያተርፈውም የሚከስረውም የለም። ከሦስት የሚገምት ግን በእያንዳንዱ ጥያቄ በአማካይ አንድ ስድስተኛ ነጥብ፣ ከሁለት የሚገምት ሦስት ስምንተኛ ነጥብ ያተርፋል።

ሦስተኛው ነገር «አይደለም» የሚል የተረጋገጠ መልስ በቂ መልስ መሆኑን ማወቅ ነው። «ቍጥሩ ጥንድ ነውን?» ተብሎ ተጠይቆ ቃሉ ጐደሎ መሆኑን ቢያረጋግጥ ቃሉ በቂ ነው። ብዙ ተማሪዎች መልሱ አሉታ ስለ ሆነ ብቻ «አይበቃም» ይላሉ፤ ይህ የጥያቄውን መልስ ከመረጃው ብቃት ጋር ማደባለቅ ነው። የማይበቃ የሚባለው አንዳንዴ አዎን፣ አንዳንዴ አይደለም የሚያሰኝ ሲሆን ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን የሐ ወጥመድ ነው። ሁለት ያልታወቁ ነገሮች ካሉ ሁለት ቃሎች ያስፈልጋሉ የሚል ሕግ ብዙዎቻችን ከአልጀብራ ተምረናል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንመልከት። አንድ ተማሪ አንዱን በ15 ብር እርሳሶች፣ አንዱን በ25 ብር ደብተሮች ገዛ፤ ስንት እርሳስ ገዛ? ቃል አንድ፣ ጠቅላላ የከፈለው 70 ብር ነው። ቃል ሁለት፣ የገዛው ዕቃ በጠቅላላው አራት ነው። ችኵል ሰው ሁለቱን አጋብቶ ሐ ይላል። ነገር ግን እርሳስ ተከፍሎ አይሸጥም፤ በ70 ብር ሊገዛ የሚችለው ሦስት እርሳስና አንድ ደብተር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቃል ብቻውን ስለሚበቃና ሁለተኛው ብቻውን ስለማይበቃ መልሱ ሀ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ወጥመድም አለ። አንደኛው ቃል የአንድ ደብተርና የሁለት እርሳስ ዋጋ 55 ብር ነው ቢል፣ ሁለተኛው ደግሞ የሁለት ደብተርና የአራት እርሳስ ዋጋ 110 ብር ነው ቢል፣ ሁለት ቃሎች ይምሰሉ እንጂ አንድ ናቸው፤ ኋለኛው የፊተኛው እጥፍ ብቻ ነውና። የደብተሩን ዋጋ ለሚጠይቅ ሰው ሁለቱም ተደምረው ምንም አይጨምሩም። እኛ የታሪክ ተማሪዎች በዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ ይጠቅመናል። ሁለት የታሪክ ጸሐፊዎች አንድ ነገር ጽፈው ስናገኝ «በሁለት ምስክሮች ጸና» ማለት ልማዳችን ነው። አንዱ ከሌላው ቀድቶ እንደ ሆነ ግን ያለን ምስክር አንድ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው የትውልድ ታሪክ ልመለስ። በአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ቦርድ የተቋቋመው በ1900 ሲሆን የመጀመሪያውን ፈተና የሰጠው በሰኔ 1901 ነው፤ ተፈታኞቹም 973 ነበሩ። ያ ፈተና እጅ እስኪዝል የሚጻፍበት፣ ላቲንና ግሪክን የመሰለ ትምህርት የሚጠየቅበት ነበር። ነገሩን የለወጠው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ በሮበርት የርክስ የሚመሩ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ለወታደሮች የአእምሮ መመዘኛ አዘጋጁ። ማንበብ ለሚችሉት «አልፋ»፣ ማንበብ ለማይችሉት ወይም እንግሊዝኛ ለማያውቁት በሥዕል የሚሰጥ «ቤታ» ተብሎ ተሰየመ። ከ1 ሚሊዮን 700 ሺህ በላይ ሰው ተፈተነበት። አልፋው ውስጥ ክሪስኮ የሚባለው የአሜሪካ የገበያ ዕቃ መድኃኒት ነው ወይስ ምግብ? የሚል ጥያቄ ነበረ። በቤታው ደግሞ መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ ሥዕል እየታየ የጐደለውን አሟላ ይባል ነበር። ቴኒስ አይቶ የማያውቅ የጣልያን ወይም የፖላንድ ገበሬ ልጅ ምን ያሟላል? አንባቢ ይፍረድ።

በዚህ የጦር ሠራዊት ሥራ ከተካፈሉት አንዱ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ሊቅ የነበረው ካርል ብሪገም ነው። ብሪገም የፈተናውን ውጤት ሰብስቦ በ1923 ስለ አሜሪካውያን የአእምሮ ችሎታ አንድ መጽሐፍ አወጣ። በመጽሐፉም ከሰሜን አውሮፓ የመጡት፣ ኖርዲክ የሚላቸው ሕዝቦች፣ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ ከመጡት በተፈጥሮ ይበልጣሉ ሲል ደመደመ፤ ጥቁሮችንም ከሁሉ በታች አስቀመጠ። በሚቀጥለው ዓመት በ1924 የአሜሪካ ምክር ቤት የመጤዎችን ቍጥር የሚወስን ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ እያንዳንዱ አገር የሚፈቀድለት በ1890 ቈጠራ በአሜሪካ ከተገኙት ተወላጆቹ መቶኛው ሁለት እጅ ብቻ ነበር። በ1890 ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣው ሰው ገና ጥቂት ስለ ነበረ በሩ የተዘጋው በእነርሱ ላይ ነው። እዚህ ላይ ራሴን መቈጣጠር አለብኝ። መጽሐፉ በ1923፣ ሕጉ በ1924 መውጣቱ መጽሐፉ ሕጉን አመጣ ለማለት ብቻውን አይበቃም። በምክር ቤቱና በጋዜጣው ክርክር የጦር ሠራዊቱ ፈተና ይጠቀስ እንደ ነበረ ግን የታወቀ ነው።

በብሪገም መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ሰውዬው ራሱ ያሳተመው፣ ግን ያላየው። መጤዎቹን በአሜሪካ በኖሩበት ዘመን ከፋፍሎ ውጤታቸውን ሲያሰላ፣ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የኖሩት በዚያው ከተወለዱት ጋር ተቀራረቡ፤ ከመጡ አምስት ዓመት ያልሞላቸው እጅግ ዝቅ አሉ። ይህን መረጃ በመረጃ በቂነት ጥያቄ መልክ እናስቀምጠው። ጥያቄው፣ ኋላ የመጡት ፊት ከመጡት በተፈጥሮ ያንሳሉን? የሚል ነው። ቃል አንድ፣ ኋላ የመጡት ያገኙት ውጤት ዝቅተኛ ነው። ቃል ሁለት፣ ሰው በአገሩ ላይ በቈየ ቍጥር ውጤቱ ይጨምራል። ሁለቱም ቃሎች ለሁለት መልስ ይመቻሉ። አንደኛው፣ በየዓመቱ የሚመጣው ሰው ዘሩ እያነሰ ሄደ የሚል ነው፤ ብሪገም የመረጠው ይህን ነው። ሌላው፣ ሰዎቹ ቋንቋውንና የአገሩን ልማድ እየለመዱ ሲሄዱ ፈተናው ቀለላቸው የሚል ነው። ፈተናው የክሪስኮን ምንነት የሚጠይቅ እስከ ሆነ ድረስ ሁለተኛውን መልስ የሚያስወግድ ምንም ነገር አልነበረም። መልሱ ሠ ነበር፤ ብሪገም ግን ሐ ብሎ አሰመረ። በእርሱ ስሕተት ምክንያት የተሰናከለው የተማሪ ነጥብ ብቻ አይደለም።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ኤስ ኤ ቲ የተባለውን ፈተና ያዘጋጀው። የመጀመሪያው ኤስ ኤ ቲ ሰኔ 23 ቀን 1926 ለ8,040 ተፈታኞች ተሰጠ። ብሪገም ግን እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት በስሕተቱ ጸንቶ አልሞተም። በ1930 በአንድ የሥነ ልቡና መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ የራሱን የ1923 ጥናት ስም ጠርቶ መሠረት የለሽ መሆኑን በይፋ ገለጠ። ልዩ ልዩ ፈተናዎች ተደምረው አንድ ችሎታ እንደ መዘኑ አድርጎ መውሰድ ስሕተት እንደ ነበረ፣ በቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩትንም በእንግሊዝኛ ፈተና ከሌሎች ጋር ማወዳደር እንደማይገባ ጻፈ። ከሰባት ዓመት በኋላ ሐን ሰርዞ ሠን አሰመረ ማለት ነው። ሕጉ ግን አብሮ አልተሰረዘም፤ በዜግነት ትውልድ ላይ የተመሠረተው ወሰን የቀረው በ1965 ነው። ብሪገም የፈተና ድርጅቶችን ሁሉ ጠቅልሎ የሚይዝ አንድ ትልቅ ድርጅት እንዳይቋቋም ተከራክሮ ነበር፤ ፈተናን የሚሸጥ ድርጅት ፈተናን በነፃ ሊመረምር አይችልም የሚል ሥጋት ነበረውና። በ1943 ሞተ። «ኤዱኬሽናል ቴስቲንግ ሰርቪስ» የተባለው ድርጅት በ1947 ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ሄንሪ ቾንሲ ሆነ።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። በ1938 አይ ቢ ኤም 805 የተባለ የእርሳስ ምልክት በኤሌክትሪክ የሚያነብ መኪና ለገበያ ከቀረበ በኋላ በምርጫ የሚመለስ ፈተና ርካሽና ፈጣን ሆነ፤ ጽሑፍ የሚጻፍበት ፈተና ተረታ። በ1953 ዘጠኝ የንግድ ትምህርት ቤቶች ተሰብስበው የራሳቸው መግቢያ ፈተና እንዲዘጋጅላቸው ተስማሙ። ፈተናው በ1954 መሰጠት ጀመረ፤ በመጀመሪያው ዓመትም ከ2 ሺህ ጥቂት በለጥ ላለ ጊዜ ተሰጠ። በ1976 ጂማት የሚለውን ስም ያገኘው ይህ ፈተና ነው። የመረጃ በቂነት ጥያቄ በኤስ ኤ ቲ ውስጥ የገባው በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ሲሆን እስከ 1974 ቈይቷል። በዚያ ዓመት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ፈተና ስለ ተጨመረ ለሒሳቡ የተመደበው ጊዜ ከ75 ወደ 60 ደቂቃ ዝቅ አለ፤ በመረጃ በቂነት ፈንታም ሁለት መጠኖችን የሚያወዳድር፣ ፈጥኖ የሚመለስ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ተተካ። እንግዲህ ተማሪ መረጃውን እንዲመዝን የሚያደርገው ጥያቄ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፈተና የወጣው ደቂቃ ሲታጠር ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያዘንሁበትም ምክንያት ከደብዳቤው ታሪክ ስለ ተነሣሁ ለአንባቢ ስውር አይሆንም።

ጥያቄው በጂማት ውስጥ ግን ኖሯል። ጂማት ከ1997 ጀምሮ በኮምፒዩተር ሲሰጥ ተፈታኝ ወዳለፈው ጥያቄ መመለስ አይችልም ነበር። በ2023 መጨረሻ በወጣው አዲሱ ፈተና የመረጃ በቂነት ጥያቄ ከሒሳቡ ክፍል ወጥቶ ሠንጠረዥና ሥዕላዊ መግለጫ ወደሚነበብበት ክፍል ተዛወረ። ይህ ክፍል 20 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ያለው ነው፤ በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻም እስከ ሦስት መልስ ድረስ መልሶ ማረም ተፈቅዷል። የሒሳብ መኪናም በዚህ ክፍል ይሰጣል። ጓደኛዬ እንደሚለው ከሆነ መኪናው ብዙዎችን የሚያስትበት ነው፤ ቍጥር የሚያወጣ መሣሪያ በእጅ ሲገባ ሰው ቍጥር ያወጣል፣ የተጠየቀው ግን ይበቃልን? ነው። ከሒሳቡ ክፍል መውጣቱ ትክክል ይመስለኛል።

በዚህ ሁሉ መካከል የፈተናውን ዘዴ ለታሪክ ሥራ እንዳለ ለመውሰድ የሚከለክል አንድ ልዩነት መኖሩን መናገር አለብኝ። በፈተናው ሁለቱም ቃሎች እውነት መሆናቸው አስቀድሞ የተሰጠ ነው፤ እርስ በርሳቸውም አይጣሉም። እንዲያውም አንደኛው x 4 ነው፣ ሌላኛው x 7 ነው የሚያሰኝ ሆኖ ከተገኘ ተፈታኙ ሒሳቡን እንደ ሳተ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ይህም ራሱ ጥሩ መቈጣጠሪያ ነው። በታሪክ ግን ምስክሮች ይጣላሉ፤ ይዋሻሉ፤ ይረሳሉ። ብሪገምን የጣለውም አንዱ ይህ ነው፤ ውጤቱ የአእምሮ ልክ ነው የሚለውን ቃል ማንም ሳይመረምር እንደ ተሰጠ እውነት ተቀበለው። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ በእያንዳንዱ ቃል ላይ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ እውነት ነውን? እውነትስ ከሆነ ይበቃልን? ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም ከመምህራኖቼ ጋር ተከራክሬበታለሁ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለተኛውን ማስቀደም ድካም ይቀንሳል። እውነት ቢሆን እንኳ የማይበቃን ምስክር እውነተኛነት ለማረጋገጥ ወር ሙሉ በቤተ መጻሕፍት መቀመጥ ምን ይጠቅማል? ሌሎች ግን የሐሰት ቃል መሆኑ ሲታወቅ ራሱ ታሪክ ነው ይሉኛል፤ ይህም ልክ ነው።

በአገራችንም የ12ኛ ክፍል ፈተና የ«አፕቲቲዩድ» ክፍል ያለው ሆኖ ለብዙ ዓመታት ተሰጥቷል። እኔም ተፈትኜበታለሁ። በዚያ ክፍል ያገኘሁት ውጤት የእኔን ችሎታ ለማወቅ ይበቃ ይሆን ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔም ውጤቱ ጥሩ ስለ ነበረ አልጠየቅሁም። ውጤታቸው ጥሩ ያልሆነው የክፍል ጓደኞቼ ግን ጠይቀው ነበር። አሁን ሳስበው ከእኔ የተሻሉ ታሪክ ተማሪዎች ይሆኑ ነበር።

ደብዳቤውን በተመለከተ፣ ጽሑፌን እንደ ገና ጽፌ ሦስቱን ገጽ አውጥቼዋለሁ። በገና በዓል ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ ወረቀቱን በመስኮት ብርሃን ላይ አድርጌ ብመለከተው የመጨረሻው መስመር በመካከል የተቈረጠ ነው፤ ሁለተኛ ቅጠል ነበረው ማለት ነው። እማማ ታላቅ አክስቴ እንደሚሉት ያ ቅጠል ደሴ ባሉት አጎቴ እጅ፣ በአንድ ዳዊት ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ዐድዋ የሆነው በ23ኛው ቀን በጊዮርጊስ፣ አምባ አላጌ የሆነው በ28ኛው ቀን በአማኑኤል ስለ ሆነ፣ ከሁለቱ የአንዱ በዓል ስም በዚያ ቅጠል ላይ ተጽፎ ቢገኝ ብቻውን ይበቃል። ለአጎቴ ጽፌላቸዋለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።